ባቄላ ለጓዳ፣ ሣር ለእርከን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በጋዝጊብላ ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
ክቡራን የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣



የዛሬው ንግግር በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ሁለት ተክሎች ነው። አንደኛው ባቄላ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይበላዋል። ሁለተኛው በእርከንና በወሰን ላይ የሚበቅለው ሣር ነው። ሣሩን ብዙ ሰው ያየዋል፤ የሚቆጥረው ግን ጥቂት ነው። መሬት በጠበበበት በዚህ ዘመን በየማሳው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያቺ በእርከኑ ላይ የቀረች አንድ እርምጃ መሬት ለማን ትሰጥ? ለሚበላው ወይስ ለማይበላው?

እናትና ልጅ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በጋዝጊብላ ደጋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በዐይነ ልቡና ይታይ። ወሩ ሰኔ ነው። ልጅየው በሬዎቹን ጠምዶ ሩብ ሄክታር የምትሆነውን ማሳ ያርሳል። እርከኑ አጠገብ ሲደርስ ሞፈሩን ወደ ሣሩ ያዞራል። እናቱ ከማሳው ዳር ቆመዋል።

«እማዬ፣ ይህ ሣር ቦታ ይዞ ከሚቀር ባቄላ ብንዘራበት ምን አለ? ልጆቹ የሚበሉት ሽሮ እንጂ ሣር አይደለም።»

«ተው ልጄ፣ እርከኑን አትንካው። ነሐሴ ሲገባ ልጆችህ ወገባቸው ላይ ምን ሊያስሩ ነው? ደግሞስ አባትህ ያን ሣር ለዓይን ብቻ ብሎ የተወው መሰለህ?»

ልጁ የሚለው እውነት ነው። እናቲቱ የሚሉትም እውነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ግን ለሁለቱም አይበጅም። በመሆኑም የሁለቱም ሒሳብ በየተራ ይቅረብ።

የባቄላው ሒሳብ

ባቄላ የደጋ ሰብል ነው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፣ በመስከረም እሸቱ ይበላል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይሰበሰባል። ክፉ ቀን ሲመጣ ከሌላው ሰብል ቀድሞ በእሸትነቱ የሚደርስለት ቤተሰብ ብዙ ነው።

የደረቀ ባቄላ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ገብስና ጤፍ በአንጻሩ ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አንድ ያህል ብቻ ይይዛሉ። የሁለቱ ፕሮቲን ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። እንጀራ ብቻውን ወይም ባቄላ ብቻውን ከሚበላ ይልቅ እንጀራ በሽሮ ሲበላ ሰውነት የበለጠ ይጠቀማል። አያቶች ይህን በላቦራቶሪ አላረጋገጡትም፤ በማዕድ ላይ ግን ያውቁት ነበር።

ጉዳዩ ለዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆታ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። የዚህ ዞን ከተማ ስም በአገር ደረጃ ከሕፃናት ምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠራ ሆኗል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሕፃን ገንፎ ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ጥራጥሬ እንዲጨመር ሲመክሩ ያቺ አንድ እጅ የምትመጣው ከዚሁ ከባቄላው ማሳ ነው።

ባቄላ መሬቱንም ይመግባል። በሥሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። አንድ አርሶ አደር ባቄላው ሲያብብ አንድ እግር በጥንቃቄ ነቅሎ እባጩን በጥፍሩ ቢሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራው እየተሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ሥራ ላይ አይደለም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ባቄላ ከተዘራ መሬቱ በራሱ ይዳብራል» የሚባለው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አንድ ኩንታል ባቄላ 4 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን በፍሬው ይዞ ይሄዳል። አሥር ኩንታል ከማሳ ሲወጣ 40 ኪሎ አብሮ ወጣ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለመሬቱ የሚቀረው ትርፍ በሥሩ፣ በቅጠሉና በገለባው ያለው ነው። ባቄላው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ ከተወሰደና ገለባው በሙሉ ለከብት ከሆነ ፍግም ካልተመለሰ፣ ለሚቀጥለው ገብስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለመሬቱ መተው አንድም ብር የማያስወጣ ማዳበሪያ ነው።

ሌላም አለ። ባቄላ ለንብ አበባ ይሰጣል፤ ንቡም በምላሹ አበባውን እያዳቀለ ፍሬ እንዲይዝ ያግዘዋል። በማሩ በሚታወቀው ዋግ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሣር የሚዳቀለው በነፋስ ስለሆነ ለንብ የሚቀሰም ወለላ የለውም። በዚህ በኩል ባቄላው ይበልጣል።

የሣሩ ሒሳብ

ሣሩስ ምን ይሰጣል? ከሚታየው ይጀመር። በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 እስከ 21 የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል «ሻደይ» የተባለው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ በሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሰቆታም ሆነች የገጠር ቀበሌዎቹ በዚያ ሣር ያጌጣሉ። አንድ ሕዝብ በዓሉን በሣር ስም ከጠራው ያ ሣር ተራ አረም አይደለም።

እናቶች ስለ ስንደዶና ስለ አክርማም ያውቃሉ። መሶቡ፣ ሙዳዩ፣ የስፌቱ ሥራ ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ ሣሮች ነው። ወሰኑና እርከኑ እስከ ጫፍ ሲታረስ ስንደዶው የሚበቅልበት ቦታ ይጠባል፤ ስፌት የምትሰፋ ሴትም ሣሩን ከሩቅ ታመጣለች ወይም ከገበያ ትገዛለች።

ጌጡ ግን የሣሩ ትንሹ ጥቅሙ ነው። ትልቁ ከመሬት በታች ያለው ነው። ባቄላ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ ገና ቡቃያ ስለሆነ አፈሩን አይሸፍነውም። ከተሰበሰበም በኋላ መሬቱ ባዶውን ይቀራል። ቋሚ ሣር በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ በቦታው ነው። ሥሩ እንደ ፀጉር የበዛና የተጠላለፈ በመሆኑ አፈሩን ይጨብጣል። ግንዱና ቅጠሉ የሚወርደውን ጎርፍ ያዘገያል፤ የዘገየ ውኃ ደግሞ የተሸከመውን አፈር ከሣሩ በላይ አስቀምጦ ያልፋል። ከዓመት ዓመት ደለሉ ሲከማች ተዳፋቱ እየተስተካከለ ይመጣል። ሣር ያልያዘው የአፈር እርከን በጎርፍ ይሸረሸራል፤ የድንጋዩም እርከን ከብት በረገጠውና ውኃ በሰረሰረው ቁጥር ይናዳል።

ሻደይ የልጃገረዷን ቀሚስ እንደሚያስረው ሁሉ በእርከን ላይ ያለው ሣርም የማሳው መቀነት ነው። መቀነቱ የተፈታ ማሳ አፈሩን ይዞ አይቆይም።

ሁለቱ በአንድ ሚዛን

አሁን ወደ ልጁና ወደ እናቱ ማሳ መመለስ ይቻላል። ማሳው 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው እንበል። አራት እርከኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ከነሣሩ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። አራቱ በአንድነት 200 ካሬ ሜትር ይይዛሉ፤ ይህም ከማሳው 8 በመቶ ነው።

ልጁ ሁሉንም አርሶ ባቄላ ቢዘራበትና በሄክታር 16 ኩንታል ቢያገኝ፣ ከዚያች 200 ካሬ ሜትር የሚያገኘው 32 ኪሎ ባቄላ ነው። 32 ኪሎ ባቄላ የሚናቅ አይደለም። ውስጡ 8 ኪሎ ያህል ፕሮቲን አለ፤ የብዙ ቀን ሽሮ ነው። «ሣር ይሻላል» የሚል ባለሙያ ይህን ለአርሶ አደሩ ሳይነግር ቢያልፍ ሐቀኛ አይሆንም።

በሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ አፈሩ አለ። ከዚህ ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ብቻ ቢታጠብ ክብደቱ 3 ቶን ይደርሳል፤ ሠላሳ ኩንታል ማለት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ከአንድ የጤፍ ፍሬ ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ግምት በኢትዮጵያ ደጋማ የእርሻ መሬት ላይ በየዓመቱ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ለሩብ ሄክታር ሲሰላ በዓመት ከ100 ኩንታል በላይ ነው። የሚሄደውም የላይኛው፣ ፍግና ማዳበሪያ ያረፈበት፣ የባቄላው ሥር የሚመገብበት አፈር ነው። ከዚህ ተራራ የተነሳው አፈር በየወንዙ አድርጎ ወደ ተከዜ ይገባል፤ የገባው አይመለስም።

ስለዚህ የልጁ ምርጫ በ32 ኪሎ ባቄላና በሣር መካከል ብቻ አይደለም። ከእርከኑ ላይ በሚገኘው 32 ኪሎና ቀሪው 92 በመቶ ማሳ ለልጅ ልጅ ባቄላ እየሰጠ በመቆየቱ መካከል ነው። የመጀመሪያው በዘንድሮ ጎተራ ይታያል። ሁለተኛው የሚታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጸጸት አፈር አይመልስም።

የሩቅ አገር ትምህርት

ሣርን ከመሬቱ አጥፍቶ እህል ብቻ መዝራት ምን እንደሚያመጣ የአሜሪካ ታሪክ ያስተምራል። የአገሪቱ መካከለኛ ክፍል በአንድ ወቅት እስከ ዓይን ማየት በሚደርስ የሣር ሜዳ የተሸፈነ ነበር። የአንዳንዶቹ ሣሮች ሥር ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሰፋሪዎች በብረት ማረሻ፣ በኋላም በትራክተር ሜዳውን ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። ለጥቂት ዓመታት ምርቱ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ ግን አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልነበረ ነፋስ አፈሩን እንደ ደመና አነሳው። ቀኑ ጨለመ፣ ከብት አለቀ፣ እጅግ ብዙ ገበሬ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። መንግሥቱ የአፈር ጥበቃ ሕግ አውጥቶ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ አፈሩ ከሄደ በኋላ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የዚያው ሜዳ ሣሮች በችግኝ ጣቢያ እየተገዙ በየግቢው ለጌጥ ይተከላሉ። በነጻ የነበረውን አጥፍቶ በገንዘብ መግዛት ይሉታል ይህ ነው። የጋዝጊብላ አርሶ አደር ግን ሣሩ ገና በእጁ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ለውበት ሲባል ከሌላ አገር የሚመጣ ሣር ሁሉ ወዳጅ አይደለም። የስንደዶ ዘመድ የሆነና በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኝ አንድ ሣር ለጌጥ ተብሎ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዶ፣ ከግቢ አምልጦ፣ ዛሬ እሳት የሚያባብስ አስቸጋሪ አረም ሆኖባቸዋል። ቦታውን የሚያውቅ የአገር ሣር እያለ ያልታወቀ ሣር ማስገባት ተገቢ አይደለም።

የሣሩ ጥፋቶችና መፍትሔያቸው

ሣሩም ነቀፌታ የለበትም ማለት አይቻልም። እንደ ሰርዶ በሥሩ የሚዘምት ሣር ከእርከኑ ወርዶ ማሳውን ይወርራል። ያልታጨደ ሣር አይጥ ይደብቃል። አዲስ የተተከለም ሥር እስኪሰድ ድረስ አፈር በደንብ አይዝም። እነዚህ ችግሮች መፍትሔያቸው ምርጫና እንክብካቤ ነው።

በምርጫ በኩል በእርከን ላይ የሚመከረው እንደ ጉቶ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያድግ ሣር ነው። ቬቲቨር ሥሩ በቀጥታ ወደ ታች ስለሚወርድ ማሳ አይወርርም፤ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በጅማ ምርምር በኩል ነበር። ሆኖም ብርድ በበረታበት ደጋ እድገቱ ይዘገያል። በደቡብ ኢትዮጵያ በጨንቻ የታወቀው ደሾ ሣር ለደጋውም ይስማማል፤ ለከብት መኖነቱም ይበልጣል። ስንደዶና አክርማ ደግሞ አገር በቀል ስለሆኑ ዘርና ግንጣያቸው በቅርብ ይገኛል። በተጨማሪ ትሪ ሉሰርን የተባለው ቁጥቋጦ በዘሩ ከባቄላ ወገን ሲሆን በእርከን ላይ ተተክሎ ለከብት መኖ፣ ለንብም አበባ ይሰጣል። በቆላውና በወይና ደጋው ያለ አርሶ አደርም የርግብ አተርን በእርከኑ ላይ ቢተክል ፍሬውን ይበላል፣ ቅጠሉን ለከብት ይሰጣል።

በአተካከል በኩል ቬቲቨርና ደሾ የሚተከሉት በግንጣይ ነው። ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ በሐምሌ ይተከሉ። ቬቲቨር በተክልና በተክል መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሰፋ ጎርፍ መሹለኪያ ያገኛል። በድንጋይ እርከን ላይ ሣሩ የሚተከለው በድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከእርከኑ በላይ በኩል በተጠራቀመው ደለል ላይ ነው።

በእንክብካቤ በኩል ወሳኙ ነገር አጭዶ መመገብ ነው። ከብት በእርከን ላይ ከተለቀቀ ሣሩም እርከኑም አብረው ይጠፋሉ። ዋግ ኽምራ ድርቅን ያውቃል፤ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከአእምሮ አልጠፋም፣ በ2007 ዓ.ም. ክረምትም ዝናቡ በኤልኒኞ ምክንያት ሲዛባ ሰውም ከብትም ተጎድቷል። በእንዲህ ያለ ዓመት ታጭዶ የተከመረ የእርከን ሣር በሬን ለቀጣዩ እርሻ ያደርሳል። በሬ የሌለው ሰው ደግሞ ባቄላውንም አይዘራም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከአርሶ አደሩ የሚጠበቀው የማሳውን መሀል ለባቄላ፣ እርከኑን ለሣር መስጠት ነው። ባቄላውን ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፣ በማጭድ ማጨድ፣ ከእርከኑ ያጣውን 32 ኪሎ ደግሞ ከመሀሉ ማሳ መፈለግ ያስፈልጋል። በጊዜ የተዘራ፣ በመስመር የተዘራ፣ ሁለቴ የታረመና የተሻሻለ ዘር ያገኘ ማሳ ያን ያህል ጭማሪ ቢሰጥ አይገርምም። ከዚህ አኳያ ከሰቆታ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ምክር መጠየቅ ይገባል።

ከመሠረታዊ ማኅበራቱና ከዩኒየኑ የሚጠበቀው ሁለቱንም ሸቀጥ አድርጎ ማየት ነው። ባቄላው ተበጥሮና በጥራት ተለይቶ ሲቀርብ አባሉ የተሻለ ዋጋ ይደራደራል። የሣር ግንጣይ የሚያባዛ የወጣቶች ችግኝ ጣቢያ፣ ስንደዶና አክርማ አልምተው ስፌት የሚሸጡ ሴቶች ማኅበር ሲደራጅ ደግሞ እርከኑም ገቢ ያስገባል። ገቢ የሚያስገባ እርከን ማንም አያርሰውም።

ከአመራሩ የሚጠበቀው ደግሞ ሥራውን በቁጥር ብቻ አለመለካት ነው። በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፤ በሪፖርትም ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠራ ይባላል። ሣር ያልተተከለበትና ልቅ ግጦሽ ያልተከለከለበት እርከን ግን በቀጣዩ ዓመት እንደገና የሚሠራ ያው እርከን ነው። ሕዝቡ ድንጋይ የሚሸከመው ለአንድ ጊዜ እንዲሆን በየቀበሌው የግጦሽ መተዳደሪያ ደንብ በነዋሪው ውይይት ወጥቶ መከበር አለበት።

ማጠቃለያ

ልጁና እናቱ አሁንም ማሳው ላይ ናቸው። ምናልባት ልጁ በሬዎቹን ያቆማል፤ ሞፈሩንም ከእርከኑ አንድ እርምጃ አርቆ ይመልሳል። በመስከረም እናቱ ከመሀሉ ማሳ የባቄላ እሸት ይቀጥፋሉ። ከዚያ በፊት በነሐሴ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ከእርከኑ ላይ ሣር ቆርጠው ወገባቸውን አስረው ወደ ሻደይ ይወርዳሉ። የሚበላውና የማይበላው ተጣልተው አያውቁም፤ ያጣላቸው ሰው ነው፤ የሚያስታርቃቸውም ሰው ነው።

ዩኒየኑ ቀጣይ የምሥረታ በዓሎቹን ሲያከብር አባላቱ ባቄላውን በኩንታል፣ እርከኑንም በለምለምነቱ ቆጥረው ሪፖርት የሚያቀርቡበት ዘመን ይሁን።

መልካም በዓል! መልካም የምርት ዘመን!